የትናንቱን ገጽ ማን ያንብበው?

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ ብራናንና ቀለምን በማሰብ የተነገረ ነው፤ በብራናና በወረቀት ረገድ ዛሬም እውነትነቱ አልተናጋም። ይሁንና ከሦስት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ የሰው ልጅ ሐሳቡን፣ ዜናውን፣ ሐሜቱንና ውሉን አብዝቶ የሚጽፈው በኢንተርኔት ገጾች ላይ ሆኗል። እዚያ የተጻፈው ደግሞ የአበውን ሕግ አፍርሷል። ተጽፎ ሳለ ይጠፋል። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል በ2024 ይፋ ባደረገው ጥናት መሠረት፣ በ2013 ከነበሩት ገጾች ውስጥ 38 በመቶ ያህሉ ከዐሥር ዓመት በኋላ ሲፈለጉ አልተገኙም። ከዚህም የሚብስ ሌላ ነገር አለ። ተጽፎ፣ ተቀድቶ፣ በመዝገብ ቤት በክብር ተቀምጦ ሳለ የማይነበብ ጽሑፍ መኖሩ ነው።

ለመሆኑ ተወርሶ የማይነበብ ጽሑፍ እንዴት ያለ ነው? የዚህ መጣጥፍ ጉዳይ ይኸው ነው። (በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

ገጽ ያልሆነ ገጽ

«ገጽ» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል። የመጽሐፍ ገጽ ተከፈተም ተዘጋም ገጽ ነው፤ አንባቢ ቢኖርም ባይኖርም በመደርደሪያው ላይ ይቆያል። የኢንተርኔት ገጽ ግን አንድ ሰው «አምጣ» እስኪለው ድረስ እንደ ገጽ የለም። ገጹን የምናይበት ፕሮግራም፣ ብራውዘር የሚባለው፣ ለሩቁ ኮምፒዩተር ጥያቄ ይልካል፤ ከዚያ መልስ ይመጣል። መልሱም ተሥሎ ያለቀ ሥዕል አይደለም። ትእዛዝ ነው። «ርእሱን እዚህ አድርግ፤ ቀለሙን ቀይ አድርግ፤ ፎቶግራፉን ከዚያኛው ኮምፒዩተር አምጣ፤ ይህችን ትንሽ ፕሮግራም አስኪድና የምትልህን ፈጽም» የሚል ነው። አንድ የዜና ገጽ ተሟልቶ እስኪታይ ድረስ እንዲህ ያለው ጥያቄና መልስ ከመቶ ጊዜ በላይ ሊመላለስ ይችላል። በመጨረሻ ይህን ሁሉ ሰብስቦ በመስኮቱ ላይ የሚሥለው የብራውዘሩ የውስጥ ክፍል ነው፤ ባለሙያዎቹ «ሞተር» ይሉታል።

ነገሩን ከራሳችን ቤት በምሳሌ ማየት ይቻላል። በድጓው ላይ ከቃላቱ በላይ በደቂቅ ጽሕፈት የሰፈሩ የዜማ ምልክቶች አሉ። በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ደነገጓቸው ይነገራል። ምልክቶቹ ራሳቸው ዜማ አይደሉም፤ ዜማው የሚሰማው መሪጌታው ሲያዜማቸው ነው። ድጓው በሣጥን ተጠብቆ ቢቆይና የሚያዜመው ሰው ቢታጣ፣ ቃሉ ይነበብ ይሆናል እንጂ ዜማው ተቀብሯል። የኢንተርኔት ገጽም ዕጣው ይህንኑ ይመስላል። የሚቀዳው ምልክቱ ነው፤ መሪጌታው ሞተሩ ነው።

የመጀመሪያው ገጽ የት ገባ?

ቲም በርነርስ-ሊ የተባለ እንግሊዛዊ የኮምፒዩተር ባለሙያ፣ ጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው በአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት፣ በሰርን፣ ተቀጥሮ ሲሠራ ሳለ ሰነዶችን እርስ በርስ የሚያያይዝ ሥርዓት እንዲዘረጋ ሐሳብ ያቀረበው በመጋቢት 1989 ነበር። በ1990 መጨረሻ የመጀመሪያው ገጽና የመጀመሪያው ብራውዘር ሠሩ። በ1991 ለውጭው ዓለም ተነገረ።

ያ የመጀመሪያ ገጽ ዛሬ የለም። ማንም አላጠፋውም፤ አዲስ ነገር በተጨመረ ቁጥር በላዩ ላይ ስለተጻፈበት ብቻ ጠፋ። በእንጨት ሰሌዳ ላይ የትናንቱን ትምህርት ደምስሶ የዛሬውን እንደሚጽፍ ተማሪ ማለት ነው። ሰርን በ2013 ገጹን በቀድሞ አድራሻው ሊመልስ ሲነሣ፣ ይዞት የቀረበው ቅጂ የ1992 ነበር።

ይሁን እንጂ የሰርን ሰዎች በቅጂው ብቻ አልረኩም። በዚያ ዘመን ብዙው ሰው ገጹን ያይ የነበረው ሥዕል በማያውቅ፣ ጽሑፍን በመስመር በመስመር ብቻ በሚያሳይ ብራውዘር ነበር፤ ያንን በ2013 ባለሙያዎች ጠርተው እንደገና አሠሩት። በየካቲት 2019 ደግሞ የሐሳቡን 30ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ፣ በርነርስ-ሊ በገዛ እጁ የሠራውንና ኔክስት በተባለው ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ይሠራ የነበረውን ብራውዘር በዛሬው ብራውዘር ውስጥ እንዲሠራ አድርገው አነጹት።

ገጹ ተራ ጽሑፍ ከሆነ ይህ ሁሉ ድካም ለምን አስፈለገ? ምክንያት አለው። የበርነርስ-ሊ ብራውዘር ገጽን ማሳየት ብቻ ሳይሆን ማረምና መጻፍም ያስችል ነበር። በፈጣሪው ሐሳብ አንባቢውና ጸሐፊው አንድ ሰው ነበሩ። በ1993 የወጣው ሞዛይክና በ1994 የተከተለው ኔትስኬፕ ዓለምን ሲያጥለቀልቁ ግን ሕዝቡ አንባቢ ሆኖ ቀረ። ይህን የታሪክ ምዕራፍ ከገጹ ቃላት ማንም ሊያገኘው አይችልም። ገጹን በዛሬው ብራውዘር የሚያይ ሰው ምን እንደሚል ያውቃል፤ ምን እንደነበረ ግን አያውቅም።

ጥያቄውንም መልሱንም

ገጾችን በጅምላ የመሰብሰቡ ሥራ የተጀመረው በ1996 ነው። በዚያ ዓመት ብሩስተር ኬል የተባለ አሜሪካዊ በሳን ፍራንሲስኮ ኢንተርኔት አርካይቭን አቋቋመ። የስዊድንና የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትም በዚያው ዓመት የየሀገራቸውን ገጾች ለማኖር ተነሥተው ነበር። የኬል ፕሮግራሞች ከገጽ ወደ ገጽ እየተራመዱ ያገኙትን ይቀዱ ነበር፤ የተቀዳውም በቴፕ ተቀመጠ። ሕዝብ ገብቶ እንዲያይ በሩ የተከፈተው ከአምስት ዓመት በኋላ በጥቅምት 2001 ሲሆን፣ የመመልከቻው ስም «ዌይባክ ማሽን» ተባለ። በ2002 የክምችቱ ቅጂ በግብፅ ለተከፈተው ለአዲሱ የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ተሰጠ። ድርጅቱ በ2009 የቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ገዝቶ ገባ፤ በ2025 ደግሞ የተቀዱት ገጾች አንድ ትሪሊዮን መድረሳቸውን አብሥሯል።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ያልተወራለት፣ ነገር ግን ከቁጥሩ የሚበልጥ ቁም ነገር አለ። ሰብሳቢዎቹ ገጹን እንደ ፎቶግራፍ አላነሡትም። ከሩቁ ኮምፒዩተር የመጣውን መልስ እንዳለ፣ ሳይተረጉሙና ሳያሳምሩ፣ አከታትለው በአንድ ፋይል አሰሩት። በ2009 «ዋርክ» የተባለው የፋይል ዓይነት በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ቁጥር 28500 ሆኖ ሲጸድቅም፣ ከመልሱ ጋር ጥያቄውን፣ ሰዓቱንና አድራሻውን አብሮ እንዲይዝ ተደርጓል። የስልክ ንግግርን ከሁለቱም ወገን እንደ መቅዳት ነው። ፎቶግራፍ አንድ ጊዜ ከተነሣ ሌላ ሊሆን አይችልም፤ ጥያቄና መልሱ የተያዘለት ገጽ ግን ብልህ መሪጌታ ባገኘ ቁጥር እንደ አዲስ ሊዜም ይችላል።

ጥቅሙን ከሚያሳዩት ማስረጃዎች አንዱ የደረሰው በሐምሌ 17 ቀን 2014 ነው። የማሌዥያ አውሮፕላን በምሥራቅ ዩክሬን ሰማይ ላይ ተመትቶ 298 ሰዎች ባለቁበት ዕለት፣ ስትሬልኮቭ በሚባለው የአማፂያን አዛዥ ስም ይታወቅ በነበረ ገጽ ላይ፣ ቶሬዝ በተባለችው ከተማ አቅራቢያ አንድ አንቶኖቭ 26 አውሮፕላን መጣሉን የሚያበሥር ጽሑፍ ወጥቶ ነበር። የወደቀው የመንገደኞች አውሮፕላን መሆኑ ሲታወቅ ጽሑፉ ተነሣ። ግን ዘግይቷል፤ ዌይባክ ማሽን ቀድቶታል። እንዲህ ያለ ቅጂ የሟቾችም የገዳዮችም ጉዳይ ነውና፣ ተመልሶ ሲከፈት የሚያሳየው ነገር በእርግጥ የዚያን ዕለቱ መሆኑ ዋዛ ጥያቄ አይደለም።

ያልነበረ ቀን

እዚህ ላይ ነው ችግሩ የሚጀምረው። የተቀዳውን ገጽ የሚያዜመው የዛሬ ሞተር ነው፤ በገጹ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ፕሮግራሞች ደግሞ ማኅደር ውስጥ መሆናቸውን አያውቁም። እንደ ልማዳቸው ወደ ውጭው ዓለም ጥያቄ ይልካሉ። በአሜሪካ ቨርጂኒያ የሚገኘው የኦልድ ዶሚኒየን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2012 እንዳሳዩት፣ በ2008 የተቀዳ የሲኤንኤን ገጽ ከማኅደር ሲከፈት የ2012ን የፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ክርክር ማስታወቂያ ይዞ ብቅ አለ። ተመራማሪዎቹ እንዲህ ያለውን ነገር ከመቃብር ተነሥቶ የሚሄድ ሙት በሚጠራበት ስም «ዞምቢ» ብለውታል።

ሌላው ስሕተት ከዚህ ይበልጥ ስውር ነው። አዮዋ ውስጥ የምትገኘው የቫሪና የአየር ጠባይ ገጽ በታኅሣሥ 2004 ተቀድቶ ነበር። ጽሑፉ ካፊያ አለ ይላል፤ ከጎኑ ያለው የራዳር ሥዕል ግን ጥርት ያለ ሰማይ ያሳያል። የትኛው ነው እውነቱ? ሲመረመር ሥዕሉ የተቀዳው ከዘጠኝ ወር በኋላ ሆኖ ተገኘ። ማኅደሩ የጎደለውን ለመሙላት በቀን ቅርብ ያለውን አምጥቶ ለጠፈበት። ማንም አልዋሸም፤ ግን በምድር ላይ ያልነበረ ቀን ተፈጠረ። የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 ያቀረቡት ጥናት ርእስ ብቻውን ያስደነግጣል፤ በማኅደር ከሚታዩት ገጾች በቀረቡበት መልክ በእርግጥ የነበሩት ከአምስት አንድ ብቻ ናቸው ይላል። የታሪክ ጸሐፊ ይህን ሰምቶ ዝም ማለት አይገባውም። የሁለት መጻሕፍት ቅጠሎች በአንድ ጥራዝ የተሰፉበትን ብራና ሳይመረምር የሚጠቅስ ሊቅ የለምና።

ሦስተኛው ደግሞ ፍጹም ዝምታ ነው። በ2017 መጀመሪያ እንደ ተገለጠው፣ ከኅዳር 1 ቀን 2016 ጀምሮ የተቀዱት የሲኤንኤን የፊት ገጾች በዌይባክ ማሽን ሲከፈቱ ባዶ ሆነው ይታዩ ነበር። አሜሪካኖች ዶናልድ ትራምፕን የመረጡት በኅዳር 8 ነው። ቅጂው አልጠፋም፤ መልሱ ሁሉ በፋይሉ ውስጥ ነበር። በገጹ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ግን ሥራ ሲጀምር የቆመበትን አድራሻ መረመረ፤ የሲኤንኤን ሳይሆን የማኅደሩ አድራሻ ሆኖ ሲያገኘው «ይህ ቤቴ አይደለም» እንዳለ ሰው ሥራውን አቆመ። እነሆ ተወርሶ የማይነበብ ጽሑፍ ማለት ይህ ነው።

ሰዓቱን ወደ ኋላ መመለስ

መፍትሔውን ከፈለጉት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ኢልያ ክሬመር ነው። ቀድሞ በኢንተርኔት አርካይቭ ይሠራ የነበረ ባለሙያ ሲሆን፣ በኋላ በኒው ዮርክ ከሚገኘው ሪዞም ከተባለው የዲጂታል ጥበብ ድርጅት ጋር ሠርቷል። የጥበብ ሰዎች በነገሩ መግባታቸው አያስገርምም። በኢንተርኔት ላይ የተሠራ የጥበብ ሥራ እንቅስቃሴው ከተቋረጠ ሥራው ራሱ ሞተ ማለት ነው። አማሊያ ኡልማን የተባለችው አርቲስት በ2014 በኢንስታግራም ላይ በተከታታይ ፎቶግራፎች ያሳየችውን የትወና ሥራ ሪዞም ያኖረው በዚህ አዲስ ዘዴ ነበር።

ዘዴው ይህን ይመስላል። በጅምላ የሚለቅም ፕሮግራም በመላክ ፈንታ፣ ሰው በእውነተኛ ብራውዘር ገጹን ይከፍታል፤ ይጫናል፣ ወደ ታች ይወርዳል፣ ቪዲዮውን ያጫውታል። በዚያን ጊዜ በብራውዘሩና በውጭው ዓለም መካከል የሚመላለሰው ጥያቄና መልስ ሁሉ ይቀዳል። መልሶ በማጫወት ጊዜ በሩ ይዘጋል፤ ከገጹ የሚወጣው ጥያቄ ሁሉ ወደ ውጭ ሳያልፍ መንገድ ላይ ተይዞ ከፋይሉ መልስ ይሰጠዋል። አድራሻውን ለሚጠይቅ ፕሮግራም የቀድሞ አድራሻው ይነገረዋል። ሰዓት ለሚጠይቅም የተቀዳበት ቀን ይነገረዋል፤ አለበለዚያ የዛሬን ቀን ቆጥሮ ማንም ያልቀዳውን ነገር ይጠይቃልና። ባጭሩ፣ ገጹ በገዛ ዘመኑ ያለ መስሎት እንዲኖር ይታለላል። «ዌብሪኮርደር» የተባለው ይህ መሣሪያ በ2016 ለሕዝብ ቀረበ፤ በ2020 ደግሞ ማንም ሰው የቀዳውን ፋይል በራሱ ብራውዘር ውስጥ ማጫወት የሚችልበት መንገድ ተከተለ።

ግን ሁሉን ነገር በማታለል አይዘልቁትም፤ መሪጌታው ራሱ ተለውጧልና። በ1990ዎቹ በየገጹ ግርጌ «ይህ ገጽ በኔትስኬፕ ቢታይ ይመረጣል» የሚል ምልክት ይለጠፍ ነበር። ኔትስኬፕ ፊደላትን ብልጭ ድርግም የሚያደርግ ትእዛዝ ነበረው፤ የመጨረሻው ባለውርስ ፋየርፎክስ ትእዛዙን በ2013 ሰረዘው፤ ፊደላቱም ቀጥ ብለው ቆሙ። ፍላሽ የተባለው የአኒሜሽን መሣሪያ በ2020 መጨረሻ ሲቋረጥ በእርሱ የተሠሩ ጨዋታዎችና ሥዕሎች ሁሉ ጸጥ አሉ። ብዙዎቹ የተነሡት የፍላሽን ጠባይ በሚያስመስል ሌላ ፕሮግራም ነው። ዛሬ ዓለም ገጽ የሚያይባቸው ዐበይት ሞተሮች ሦስት ብቻ ናቸው፤ ማይክሮሶፍት እንኳ የራሱን ትቶ በ2020 የጉግልን ወስዷል።

ስለዚህ ሌላ መንገድ ተሞከረ፤ አሮጌውን ገጽ በአሮጌው ብራውዘር ማሳየት። ክሬመር በ2015 ከሪዞም ጋር ያወጣው «ኦልድዌብ ቱዴይ» የጥንቱን ኔትስኬፕና ሞዛይክ በዛሬው ኮምፒዩተር ውስጥ አስነሥቶ ከማኅደር በተገኘ ገጽ ይመግባቸዋል። ከዚያ በፊትም ኦልያ ሊያሊናና ድራጋን ኤስፐንሺድ የተባሉ አርቲስቶች ተመሳሳይ ነገር አድርገው ነበር። ጂኦሲቲስ የተባለውና ተራው ሰው በነፃ ገጽ የሚሠራበት ሰፊ «ከተማ» በ1999 በያሁ በቢሊዮኖች ዶላር ተገዝቶ፣ በጥቅምት 2009 በዚያው በያሁ ተዘጋ። አርካይቭ ቲም የተባሉ በጎ ፈቃደኞች ሌት ተቀን ቀድተው አንድ ቴራባይት ያህል አተረፉ። ሁለቱ አርቲስቶች ከዚህ ክምር ገጾቹን አንድ በአንድ በኔትስኬፕ እያስከፈቱ፣ መልካቸውን ከ2013 ጀምሮ ለሕዝብ አሳዩ። «ይህ ሁሉ ቆሻሻ ምን ያደርጋል?» ያሉ ነበሩ። የሞተ ልጁን ፎቶግራፍ የለጠፈ አባት፣ ስለ ድመቷ የጻፈች ልጃገረድ፣ ስለ መንደሩ የኳስ ቡድን የዘገበ ጎረምሳ፤ የዘመኑ ተራ ሰው ራሱን በገዛ እጁ የጻፈበት መዝገብ ይህ ነው። ከነገሥታት ዜና መዋዕል ውጭ ተራው ሰው ምን ያስብ እንደነበር ለማወቅ የሚቸገር የታሪክ ተማሪ «ቆሻሻ» ለማለት አይቸኩልም።

ወደ ፊደላችን

ይህ ሁሉ የሩቅ ሰው ጉዳይ ሊመስል ይችላል። አይደለም። ከዚህ ሁሉ በከፋ የተጎዳው ጽሑፍ የኛው ሳይሆን አይቀርም።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሰንጠረዥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት ኮምፒዩተር አማርኛ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። በውጭ ሀገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በ1990ዎቹ አማርኛን በኢንተርኔት ላይ ሲጽፉ ሦስት መንገድ ነበራቸው። አንዳንዱ ቃሉን በላቲን ፊደል ይጽፍ ነበር፤ ለዚህም «ሴራ» የተባለ ሥርዓት ተዘጋጅቶ ነበር። አንዳንዱ ጽሑፉን እንደ ሥዕል አድርጎ ይለጥፍ ነበር። ሌላው ደግሞ የራሱን ፎንት ሠርቶ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የኛን ፊደላት ይተክል ነበር። አንድ ፎንት ከ256 የሚበልጥ ቦታ አልነበረውም፤ ፊደላችን ከነዲቃላውና ከነቁጥሩ ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ አንዱ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈለው፤ ሌላው የፊደሉን አካልና የቅጥያውን ምልክት ለየብቻ አድርጎ አነባበረው። የአንዱ ሠሪ ከሌላው አይገጥምም። «መጀመሪያ ፎንቱን ጫኑ» የሚለው ማሳሰቢያ በየገጹ አናት ላይ የሚሰፍረው ለዚህ ነበር።

ከእነዚያ ገጾች የተቀዱት በማኅደር አሉ። መልሱ ተይዟል፤ አንዲት ነጥብ አልጎደለችም። ሲከፈቱ ግን የሚታየው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ዝብርቅ ነው። ገጽ ለቃሚው ፕሮግራም ገጹን ቀዳ እንጂ በአንባቢው ኮምፒዩተር ውስጥ ተጭኖ የነበረውን ፎንት ከወዴት አምጥቶ ይቅዳው? የስደቱን ዘመን ክርክር፣ ግጥም፣ የሀዘንና የሠርግ ማስታወቂያ የያዘ ጽሑፍ እንዲህ ሆኖ ተቀምጧል። ድጓው በሣጥን አለ፤ መሪጌታው ግን ሄዷል።

ደግነቱ ይህ ሞት ሊመለስ የሚችል ነው። ፎንቱ ከተገኘ ገጹ ይነበባል፤ የትኛው የላቲን ምልክት ለየትኛው ፊደል እንደ ቆመ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ከተሠራም ጽሑፉ ወደ ዩኒኮድ ሊገለበጥ ይችላል። ይህን ለማድረግ ታላቅ ገንዘብም ታላቅ ተቋምም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው በዚያ ዘመን አማርኛ በኮምፒዩተር የጻፈ ሰው፣ በቤቱ ጥግ አቧራ የጠጡትን ዲስኬቶች ከመጣሉ በፊት በውስጣቸው ያለውን መመልከቱ ነው። ዲስኬት ራሱ ዕድሜው አጭር ነው፤ ፎንቶቹን የሠሩት ሰዎችም እያረጁ ነው። ጽሑፉን ሌሎች ቀድተው አኑረውልናል። የሚነበብበትን ቁልፍ ግን ከኛ ሌላ የሚያኖርልን የለም።